የሞተር ብስክሌቴን ሆድ ለመረመረው ጽሕፈት ቤት የቀረበ ምስጋና

ይድረስ፦ በመካነ ሰላም ከተማችን ቤንዚን ለወደደው ሰጥቶ ያልወደደውን ለሚነሣው፣ ከአክብሮቴ ብዛት የተነሣ ስሙን ለማልጠራው ጽሕፈት ቤት።

ጉዳዩ፦ ምስጋናና አቤቱታ ስለ ማቅረብ።

ክቡራን ሆይ፤

የምትፈርሙበት እስክርቢቶና የምትመቱት ማኅተም በመልካም ጤንነት እንዲገኙ እየተመኘሁ፣ ባለፈው የገበያ ቀን በነዳጅ ማደያው ደጅ፣ በተማሪዎቼና በተማሪዎቼ ወላጆች ፊት፣ ስለ ዋላችሁልኝ ውለታ የሚገባውን ምስጋና ሳላቀርብ ብቀር ኅሊናዬ ስለሚወቅሰኝ ይህን ጦማር ጽፌአለሁ። በግልጽ መጻፌም ያለ ምክንያት አይደለም፤ እናንተ እኔን የመረመራችሁኝ በገሃድ ስለ ሆነ፣ መልሱን በስውር ብልክ ሥርዓተ ጨዋነትን እንደ ማፍረስ ይቈጠርብኛል።

ሞተር ብስክሌቴን ማስተዋወቅ አያሻኝም፤ ሆዷን ሳይቀር ዐይታችኋታልና። ዳሩ ግን ደብዳቤው በሌላ ሰው እጅ ቢገባ፣ ያማሃ ዲቲ 125 መሆኗን፣ ከእኔ በፊት የእርሻ ባለሙያ ተሸክማ በየቀበሌው ስትንከራተት መኖሯን፣ ወንበሯ በወስፌ የተሰፋ፣ የፊት መብራቷም በጎማ ቁራጭ የታሰረ መሆኑን ልናገር። ከከተማው ርቆ ወዳለው ትምህርት ቤቴ የምታደርሰኝ እርሷ ናት፤ እርሷ ባትኖር የሚቀረኝ እግሬ ነው።

በዚያ ዕለት ከንጋት ጀምሮ ተሰልፌ፣ ተራዬ ደርሶ ኪሎ ሜትሩና ሊትሩ የሚጻፍበትን የመቅጃ ደብተሬን ስዘረጋ፣ ከጥላው ሥር የተቀመጠው ወጣት ሹማችሁ ዐይኑን ከስልኩ ሳያነሣ ከአሁኑ ኪሎ ሜትር ያለፈውን ቀነሰ፣ ለሊትሩም አካፈለና፣ «አንተ፣ ይህች ሞተር በሊትር ሃያ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው የሄደችው፤ ሠንጠረዡ አርባ ይላል። የቀረውን ለማን ሸጥኸው?» አለኝ። «አንተ» መባሉን ለሽበቴ የተሰጠ ማዕርግ ነው ብዬ በትሕትና ተቀበልሁ። ከሰልፉ መካከል አንድ ሼህ «ኧረ በአላህ፣ መምህራችን ናቸው! ልጆቻችንን ያስተማሩ ናቸው!» ብለው ቢጮኹ፣ «ቀስ ብለው ይጠብቁ አባቴ፣ የእርስዎም ይታያል» ብሎ ዝም አሰኛቸው።

ከዚያ በኋላ ቅዳሴው ተጀመረ። የጥበቃው ሠራተኛ ከታንኩ ሥር ያለችውን ቀጭን ቱቦ ነቅሎ ቢጫ የዘይት ጀሪካን አስጠጋ። መለኪያ በመታጣቱም ከጎን ካለው ሻይ ቤት አንድ የፕላስቲክ ጆግ ተዋሱ፤ በጆጉ ግርጌ የሻይ ቅጠል ተጣብቆ ስለ ነበረ ጥበቃው በገዛ ቤንዚኔ አለቅልቆ መሬት ላይ ደፋው፤ ያ የተደፋውም በሒሳቡ ሳይገባ ቀረ። ጆጉ የሊትር ምልክት አልነበረውምና፣ ሹማችሁ ምን ያህል እንደሚይዝ ሻይ አፍይዋን ጠየቃት፤ እርሷም «ዐሥራ ሁለት ብርጭቆ ይወጣዋል» ብላ መሰከረች፤ የብርጭቆውን ልክ ግን የጠየቀ የለም። በዚህ ዓይነት የታንኬ ምስጢር በሻይ ብርጭቆ ተሰፍሮ በመዝገብ ሰፈረ። ስለ መስፈሪያና ስለ ሚዛን የማስተምራቸው የስምንተኛ ክፍል ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ይመለከቱ ነበር፤ አንዱም አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። በመጨረሻም ስሜ ከነአባቴ ስም፣ «በሽያጭ የተጠረጠረ» ከሚል ቃል ጋር በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ተለጠፈ፤ ቤንዚኑ «ለኤግዚቢትነት» ተያዘ፤ እኔም ባዶዋን ሞተር በገበያተኛው አህያ መካከል እየተጋፋሁ እስከ ቤቴ ገፋኋት።

ስለ ሠንጠረዡ ያለኝን አድናቆት ሳልገልጽ አላልፍም። ሠንጠረዣችሁ ሞተር ብስክሌትን ሁሉ አንድ አካል አንድ ባሕርይ ነው ብሎ የሚያምን፣ አዲሱን ቦክሰር ከአሮጌዋ ዲቲ፣ የደሴን አስፋልት ከእኛ ኮረኮንች የማይለይ፣ በሃይማኖቱ የጸና ሠንጠረዥ ነው። በ1860 ዓ.ም. ኖሮ ቢሆንማ፣ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ከሕንድ ያስመጣቸውን 44 ዝሆኖች አስከትሎ መቅደላ ባልደረሰ ነበር፤ ለአንድ ዝሆን በኪሎ ሜትር የሚፈቀደው ሣር ሲሰላ ክረምት ገብቶበት ከበሽሎ ማዶ ይቀርና፣ ዐፄ ቴዎድሮስም ዕድሜ ባገኙ ነበር። ይህን የመሰለ ኃይል በእጃችሁ መኖሩን ሳስብ ሰውነቴ ይርዳል።

እስከዚህ ድረስ በጨዋ ደንብ ጽፌአለሁ። አሁን ግን፣ ክቡራን፣ ሌባ አይደለሁም! አንዲት ጠብታ ቤንዚን ሸጬ አላውቅም! ከመስኮታችሁ ፊት ለፊት፣ በመንገዱ ዳር በሃይላንድ ተደርድሮ በእጥፍ የሚሸጠው ቤንዚን በእኔ ታንክ የመጣ ይመስላችኋል? ያንን የሚያመጣውን ታውቁታላችሁ፤ ታውቁታላችሁና አትነኩትም፤ በደመወዙ የሚኖር መምህር ግን ስለማያስፈራ ይፈተሻል። ይቅርታ ይደረግልኝ፤ ብዕሬ አዳልጦኝ ነው፤ ወደ ምስጋናዬ እመለሳለሁ።

እናንተ በጆግ የፈለጋችሁትን ምስጢር አንድ የከተማችን መካኒክ በካንዴላ መፍቻ አገኘው። ካንዴላዋን ቢያወጣት ጥላሸት ለብሳ ረጥባ ተገኘች፤ ይህም ሞተሯ ከምታቃጥለው በላይ ቤንዚን እንደምትቀበል የሚመሰክር ነው። ምክንያቱንም እንዲህ ሲል አስረዳኝ፤ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር ስለሚበልጥ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ካርቡሬተሩ ግን አየሩ በሳሳው ልክ ቤንዚኑን መቀነስ አይችልምና፣ ትርፉ ሳይነድ በማርሚታው ይወጣል። ከዚህም ሌላ ዲቲ ባለ ሁለት ምት ሞተር ስለ ሆነች፣ ጢሱ ሲወጣ ገና ያልነደደው አዲሱ ቤንዚንም ከፊሉ አብሮት ይሾልካል፤ ይህ የተፈጥሮዋ ነው፣ ንስሐም አያስተዋትም። የአየር ፊልትሮዋ በአቧራ ታፍኖ ነበር፤ ቾኳ ሙሉ በሙሉ አይመለስም ነበር፤ የኋላ ጎማዋን አንሥቶ በእጁ ቢያሽከረክረው ፍሬኑ ይዞት ወዲያው ቆመ። ፊልትሮው ታጥቦ፣ ፍሬኑ ላልቶ፣ ቾኩ ተስተካክሎ፣ ቤንዚን በልክ የሚያሳልፍ፣ ቁጥሩ ዝቅ ያለ የካርቡሬተር ጅግለርም ከደሴ በሹፌር እጅ መጥቶ ከተገጠመ በኋላ፣ ታንኩን እስከ አንገቱ ሞልቼ ትምህርት ቤት ደርሼ ተመለስሁ፤ እንደገና እስከዚያው አንገት ስሞላ የሄድሁትን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር ባካፍለው፣ በሊትር ከሠላሳ በጥቂት አለፈ። ጆግ አላስፈለገም፤ ሻይ አፍይዋንም አላስቸገርሁም። አርባ ግን አልሞላም፤ በዚህ ደጋ ላይ በዚህች ሞተር አይሞላምም።

ስለ ሰልፉ ርዝመት፣ ክፍያው ከግንቦት 2015 ጀምሮ በስልክ ይሁን ከተባለ ወዲህ ኔትወርክ ሲጠፋ ባለ ገንዘቡ ሁሉ ድኻ ሆኖ ስለ መቆሙ፣ ቦቴው ቀርቶ ወሬው ብቻ ስለሚደርስበት ሳምንት አሁን አልጽፍም። በ2014 ክረምት 47 ብር ከ83 ሳንቲም የነበረው አንድ ሊትር በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም መግባቱም የእናንተ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ቤንዚን እንዲህ በተወደደበት ዘመን በሊትር ሃያ ሦስት ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ተጐጂ መሆኑን መገንዘብ ሊቅነት አይጠይቅም፤ የገዛ ኪሱን የሚያቃጥል ሰው ነጋዴ ተብሎ አይከሰስም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው ይህ ነው፤ ሠንጠረዣችሁ በሞተሩ ዓይነትና በአገሩ ከፍታ እንዲታረም፣ ስሜም በተለጠፈበት አኳኋን፣ በገበያ ቀን፣ ሰው ባለበት ከሰሌዳው እንዲነሣ ይሁን። የተያዘብኝ ቤንዚን ደግሞ ክዳን በሌለው ጀሪካን ከቢሯችሁ ጥግ መቀመጡን ሰምቻለሁ። ቤንዚን በክፍት ዕቃ ሲቀመጥ ይተናልና፣ ነገ ልክ ሲወጣለት የጎደለውን መምህሩ ሸጠው እንዳይባል፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ክደኑት።

ከማይለካ አክብሮት ጋር፣
አንድ የመካነ ሰላም መምህር