ሁለት ነጥብ ያገኘ ሰው

አውቶቡሳችን ሸዋ ሮቢት ለምሳ ሲቆም አጠገቤ የነበረው ወጣት ጃኬቱን አወለቀ። ደብረ ብርሃን ላይ ጥርሱ ሲንገጫገጭ አይቼዋለሁ፤ አሁን ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ለአገሩ እንግዳ ነው። «እዚህ እንዲህ ከሆነ ደሴማ ልንቀቀል ነው!» አለና ጃኬቱን ሻንጣው ውስጥ ከቶ ለረዳቱ አቀበለው። ረዳቱም ፖርቶመጋላው ላይ ከጆንያው ሁሉ ሥር ወሸቀው።

አልፈረድኩበትም። ትምህርት ቤት ያስተማሩንም ይህንኑ ነው፤ ሁለት ነጥብ ካለህ መስመሩ በእጅህ ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ከፍታዋ 2840 ሜትር ግድም። ሸዋ ሮቢት 225 ኪሎ ሜትር፣ 1280 ሜትር። በ95 ኪሎ ሜትር 1560 ሜትር ወረድን ማለት ነው። ሲካፈል ስሎፑ በኪሎ ሜትር 16.4 ሜትር ቁልቁል ይሆናል። እኩልዮሹም፦ ከፍታ = 4970 − 16.4 × ርቀት። ሁለቱን ከተሞች አስገቡበት፣ ልክ ይመጣል። (ሁለት ነጥብ ተጣልቶ አያውቅም፤ ነገረኛው ሦስተኛው ነው።)

እስቲ ርቀቱን ዜሮ አድርጉት፤ አዲስ አበባ ከራስ ዳሸን በላይ ጉብ ትላለች። 401 አድርጉት፤ ደሴ ከባሕር ወለል በታች 1600 ሜትር ሰጥማ ትገኛለች፤ ከዚያ ዳሎል ለመሄድ ዳገት ልንወጣ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ጣርማ በርንማ መስመሩ ጨርሶ አያውቀውም። መንገዱ ግን ከደብረ ብርሃን በኋላ ሽቅብ ወጥቶ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ጣሊያን በወረራው ዘመን በፈለፈለው ዋሻ ሾልኮ ነው ወደ ደብረ ሲና የሚወረወረው።

የይፋት ቆላ ሽንኩርት አምራችም የዚሁ ትምህርት ምሩቅ ነው። ኪሎው በመጀመሪያው ሳምንት 40 ብር፣ በሦስተኛው 60 ብር ወጣ እንበል። በሳምንት 10 ብር! በአሥራ ስድስተኛው ሳምንት 190 ብር መሆኑ ነው። ሰውዬው በሐሳቡ ቤቱን ቆርቆሮ አልብሶ ልጁን ድሯል። ችግሩ ጎረቤቱም ያንኑ መስመር ስቧል፤ የጎረቤቱም ጎረቤት። ሦስት አራት ወር ቆይቶ የሁሉም ሽንኩርት ባንድ ሰሞን ሲወጣ፣ ደላላው ጆንያውን ፈትቶ እንኳ አያይም። (እኔም አንድ ዓመት በማሾ እንዲሁ ስቤ ነበር፤ እሱን ሌላ ጊዜ አወጋችኋለሁ።)

ደሴ ሲመሽ ገባን። ከተማዋ 2500 ሜትር ግድም ላይ ናት። ወጣቱ በካናቴራ ብቻ ክንዱን አቅፎ፣ ጆንያው ሁሉ ወርዶ እስኪያልቅ ይጠብቅ ነበር።