ምቀኛ አታሳጣኝ

እውነተኛ መኪና የመግዛት አቅም የሌለን ሰዎች ሳሎናችን ውስጥ ብንነዳ ማን ይከለክለናል? ግራን ቱሪዝሞ ይከለክለናል። እ.ኤ.አ. በ1997 በጃፓን የወጣው ይህ ጌም መንጃ ፈቃድ ሳታወጡ ከዋና ዋናዎቹ ውድድሮች አያስገባችሁም። ፈተናው ቀላል ይመስላል፤ ነዳጅ ረግጦ መብረር፣ ከዚያ በተከለለው ቦታ ውስጥ መቆም። ጎማችሁ ትንሽ ካለፈች ግን ወደቃችሁ። ፈታኙን ሻይ መጋበዝ የለም፣ ዘመድ መጥራትም የለም።

ደግነቱ ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ ግድግዳ ብትገጩም መኪናው ጭረት አይነካውም። ይህን ያወቁ ታናናሽ ወንድሞች ፍሬን የሚባል ነገር እርግፍ አድርገው ትተዋል። ኩርባ ሲደርሱ መሪውን አዙረው የእናንተን መኪና ይደገፋሉ፤ እናንተ አሸዋ ውስጥ ስትሽከረከሩ እነሱ ቀጥ ብለው ይወጣሉ። ኮንትሮለሩን ይዞ ከነወገቡ ወደ ግራ የሚያጋድለውማ የባሰ ነው፤ ሶፋውም አብሮ የሚታጠፍ ይመስለዋል።

ከሁሉ የሚብሰው ማሪዮ ካርት የሚባለው ሌላው የጃፓን የመኪና ውድድር ጌም ነው። እኛ "ምቀኛ አታሳጣኝ" ብለን ታክሲ ላይ እንለጥፋለን፤ ጃፓኖቹ ግን ምቀኛውን ራሱን ሠርተው አቀረቡት። እ.ኤ.አ. ከ1996ቱ ማሪዮ ካርት 64 ጀምሮ ሰማያዊ ቅርፊት የሚባል መሣሪያ ወደ ኋላ ለቀሩት ይታደላል፤ ሥራው አንደኛ የወጣውን አሳድዶ መምታት ነው።

ስለዚህ ወዳጄ፣ አንደኛ ለመሆን አትቸኩል። ሁለተኛ ሆነህ አድፍጥ፣ ቅርፊቱ ሌላውን ሲመታ እለፍ። መብራት ካልሄደ ታሸንፋለህ።