የአያ ጅቦ ሂሳብ

ተረት ተረት! የላም በረት በሉኛ።

እንጦጦ ጋራ ላይ ባላምባራስ ፈረስ ይኖሩ ነበር። ጋራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ የቀበና ወንዝ የሚነሣውም ከዚያው ነው። ባላምባራስ ውሃውን ከምንጩ ይጠጣሉ። ያው ውሃ ቁልቁል ወርዶ ከተማው መሐል ድልድዩ ሥር ሲደርስ ቀለሙም ሽታውም ሌላ ሆኗል፤ እሱን ደግሞ አህዮች ይጠጡታል። አህዮቹ ጠዋት ጠዋት ሽቅብ ይወጡና የባላምባራስን ገብስ ተጭነው እህል በረንዳ ያደርሳሉ። በአንድ ወንዝ የሚኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው ማለት ይቻላል፤ ባላምባራስ ግን እንዲህ ሲባል ደስ አይላቸውም።

አያ ጅቦን የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። ሌሊት ወርዶ የተጣለ አጥንት ይለቅማል፣ ሳይነጋ ይመለሳል። አንድ ሌሊት ግን ድልድዩ ሥር ተቀምጦ አሰበ። «አንድ ውርንጭላ ብበላ የአንድ ማታ እራት ነው። ባልበላውስ?» በጅብ ዘር እንዲህ ያለ ጥያቄ ተነሥቶ አያውቅም፤ ከተማ መመላለሱ ነው ያስተማረው ይመስለኛል።

በሦስተኛው ቀን የባላምባራስ ልጅ ታገተ። ወሬውን ያደረሰችው እመት ጦጢት ነበረች። «እኔ ደላላ ነኝ፣ ከነገሩ የለሁበትም» እያለች ከሁለቱም ወገን ኮሚሽኗን ቆረጠች። ማስለቀቂያው 40 የበሬ ታፋ ሆነ። ባላምባራስ ገብሳቸውን ሸጠው ሥጋውን ከቄራ አስመጡ፣ ከፈሉ፣ ልጃቸውም ተመለሰ። ያን ሰሞን አገሩ ሁሉ አብሯቸው አዘነ፤ አህዮቹም ለሸክሙ ዋጋ አልጠየቁም።

ከዚያ አጥር መጣ። አጋሙም ቀጋውም ተደርድሮ፣ ቁልቋል ተጨምሮበት፣ ከውስጥ ብርሃን እንኳ የማያሳልፍ አጥር። እሾሁን ያመላለሱት አህዮች ናቸው፤ የመጨረሻው ሸክም እንደተራገፈ በሩ ተዘጋ። 8 ውሾች በዘበኝነት ተቀጠሩ።

አያ ጅቦ አጥሩን ዞሮ አየውና ተመለሰ። ጅብ አይናደድም፤ ገበያ ይቀይራል። በሳምንቱ የአህዪት ልጅ ጠፋ።

«እኔ ምን አለኝ?» ብላ አለቀሰች አህዪት። «ጀርባዬ ላይ የምታየው ሁሉ የሰው ነው።»

«ምንም የሌለው የለም» አላት አያ ጅቦ። «ባላምባራስ በንብረታቸው ከፈሉ፤ አንቺ በወዳጅ ዘመድሽ ትከፍያለሽ። እድር የላችሁም እንዴ?»

እዚህ ላይ ተረቱን ትንሽ ልግታው። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ገርበ ጉራቻ አካባቢ የታገቱት የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአውቶቡስ ወደየቤታቸው የሚመለሱ ልጆች ነበሩ፤ ገንዘቡም የተጠየቀው ከቤተሰቦቻቸው ነው። የአያ ጅቦን ሂሳብ ጫካ ውስጥ ብቻ የሚሠራ አድርጎ የሚያስብ ካለ ብዬ ነው።

እድሩ ተሰበሰበ። ለቀብር የተቀመጠው ለሕያው ወጣ። ዋጋውም ረከስ ያለ ነበር፤ በውርንጭላ 3 ታፋ። አያ ጅቦ ለድሃ ያስባል! የአህዪት ልጅ ተለቀቀ፤ ግን በሳምንቱ ሌላ ውርንጭላ፣ በሳምንቱ ደግሞ ሌላ እየተያዘ 3 ሆኑ። የእድሩ ሣጥን መራቆቱን አያ ጅቦ ከአህዮቹ ቀድሞ ያውቅ ነበር፤ የእድሩ ጸሐፊ እመት ጦጢት ናትና።

አህዮቹ ወጥተው በባላምባራስ ደጅ ቆሙ። ከ8ቱ ውሾች ሁለቱን ብቻ፣ ለሌሊት ብቻ፣ እንዲያውሷቸው ለመኑ።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል አልሰማችሁም?» አሉ ባላምባራስ ከአጥሩ ውስጥ። «እኔ የራሴን ጠብቄያለሁ። እናንተም የራሳችሁን ጠብቁ።»

በዚያው ሰሞን አህዪት ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ከቄራ የሚነሣ ጭነት ወጣላት። 12 ታፋ ነው፣ በጆንያ የተሸፈነ። እመት ጦጢት ከኋላ አለንጋ ይዛለች።

«ይሄ የማነው?» አለች አህዪት።

«የባላምባራስ ነዋ። በየወሩ የሚላክ ነው፤ ዛሬ ተራሽ ደርሶ እንጂ።»

«ለማን?»

«ለአያ ጅቦ። ከድልድዩ በላይ እንዳይወጣ።»

አህዪት ድልድዩ መሐል ቆመች። ከድልድዩ በላይ እንዳይወጣ። ልጇ የታገተበት ወር ትዝ አላት፤ የዚያን ወር ጭነት ያደረሰው ባሏ ነበር። እመት ጦጢት ገረፈቻት፣ ቆየት ብላ ደግሞ ስለ ሰፈር ሰላም መከረቻት። አህዪት ንቅንቅ አላለችም። ሲበቃት ግን በራሷ ጊዜ ተነሥታ ወደ አያ ጅቦ ዋሻ ወረደች፤ ጓደኞቿም ተከተሏት።

«የ3ቱ ልጆች ማስለቀቂያ ይኸውና» አለችው አያ ጅቦን።

«የባላምባራስ ወርኃዊ አይደለም?»

«ስም አልተጻፈበትም።»

አያ ጅቦ ቆጠረ። ለ3 ውርንጭላ 9 ታፋ ይበቃ ነበር፤ 3 ትርፍ አለው። ሂሳብ አዋቂ ነውና ልጆቹን ለቀቀ። ትርፉን ግን አልመለሰም። «የባላምባራስስ?» አለ ሲሸኛቸው። አህዪት እንዳልሰማች ሆና አለፈች።

ሲነጋ በሩ ተከፈተ።

«ጭነቱ ደረሰ?» አሉ ባላምባራስ።

«ደርሷል ጌታዬ፣ ለተባለው ቤት።»

«ደረሰኝ አልሰጣችሁም?»

3ቱ ውርንጭሎች ከእናቶቻቸው ጀርባ ብቅ አሉ። ባላምባራስ አንዴ እነሱን፣ አንዴ አጥራቸውን አዩ። ነገሩ እስኪገባቸው ጥቂት ጊዜ ፈጀ።

«ታዲያ የእኔ ልጅስ?»

«እሱን እንኳ ከእመት ጦጢት ጋር ይነጋገሩ ጌታዬ» አለች አህዪት። «እኛ ተሸካሚዎች ነን፣ ከነገሩ የለንበትም።»