ጎርጓሪው ዓሣው ሲሆን

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ያሉ አባቶች የቆሮሶን ጠባይ ቢያውቁ ኖሮ ተረቱን ይገለብጡት ነበር። እኛ ቆሮሶን የምናውቀው ተጠብሶ፣ ሎሚ ተጨምቆበት ነው፤ በሕይወት ሳለ ምን ሲሠራ ይውል እንደነበር ማንም አይጠይቅም። ሥራው መጎርጎር ነው። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ውኃ ዳርቻ አሸዋውን በአፉ እየዛቀ ክብ ጉድጓድ ያበጃል፤ ሴቲቱ መጥታ እንቁላሏን ትጥልበትና ወዲያው በአፏ ለቅማ ይዛ ትሄዳለች። ያ ሁሉ ቁፋሮ ለአንድ ቀጠሮ ነበር! ቆሮሶ ሲክሊድ ከሚባለው ሰፊ የዓሣ ቤተሰብ ነው። ለቤት የዓሣ መስታወት ገንዳ የሚፈለጉት የማላዊና የታንጋኒካ ሐይቅ ባለ ቀለም ዘመዶቹም ብዙዎቹ ይህን የመጎርጎር አመል ይጋሩታል፤ አከራዩን ሳያስፈቅድ ግድግዳ እንደሚያፈርስ ተከራይ ናቸው።

እንግዲህ ሲክሊድ ሊያሳድግ ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ መብራቱ ሳይሆን ስለ ወለሉ መሆን አለበት። የእኔ ፍርድ ደቃቅ የወንዝ አሸዋ ነው፤ ሰማያዊና ሮዝ የተቀባው ጠጠር ለሰርግ አዳራሽ ይቆይ። ጠጠር ለዓሣ አፍ አይመችም፤ የተረፈ ምግብና ኩስም በመካከሉ ሰርጎ ይበሰብሳል። አሸዋ ላይ ግን ቆሻሻው ከላይ ስለሚቀር በቱቦ ይመጠጣል። አንዳንዱ ሲክሊድ እንዲያውም አሸዋውን አፉ ሙሉ ጎርሶ የሚበላውን ያስቀርና የቀረውን በስንጥቡ በኩል ያፈስሰዋል፤ ለዚህ ዓሣ ጠጠር ማንጠፍ ማዕዱን መንሣት ነው። አሸዋውን ለማግኘት ደግሞ አንኮበር ሥር ባለችው አሊዩ አምባ ያለ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከአንኮበር ገደል ወደ አዋሽ የሚወርዱት ወንዞች የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፈጭተው ያመጣሉ፤ በበጋ አሸዋው ይገለጣል። ሸዋ ሮቢት ላይ ግንበኛው በሲኖትራክ ቢያስጭነው እናንተን አንድ ባልዲ ይበቃችኋል። ጠቆር ያለውን ምረጡ፤ በነጣ ወለል ላይ ዓሣው ራሱ ይነጣል። በወንፊት ንፉት፣ ከዚያ ውኃው እስኪጠራ ድረስ በሳፋ እጠቡት።

«የማላዊና የታንጋኒካ ውኃ ጠንካራ ነው፤ ፒኤቹ ከ7.8 እስከ 9 ይደርሳል፤ የወንዝ አሸዋ ይህን ከየት ያመጣል?» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው፤ የእሳተ ገሞራ አሸዋ ውኃን እምብዛም አይለውጥም። አሸዋው ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፣ ዝም ካለ የለበትም። የሌለበት ከሆነ ጥቂት የተፈጨ የኖራ ድንጋይ በከረጢት አድርጎ ማጣሪያው ውስጥ መክተት ይበቃል፤ ወለሉን መለወጥ አያስፈልግም። «ጨው ልጨምርበት» ለሚለው ግን አሊዩ አምባ ራሷ መልስ አላት። እንግሊዛዊው ኮርንዋሊስ ሃሪስ በ1841 እ.ኤ.አ. ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲወጣ ያለፈባት ይህች የቀድሞ የሲራራ ነጋዴዎች ከተማ ጨውን እንደ ሸቀጥም እንደ ገንዘብም ታውቀው ነበር፤ የውኃን ጥንካሬ የሚሰጠው ግን ካልሲየምና ማግኒዚየም ነው፣ የወጥ ጨው አይደለም። በአፋሩ አፍዴራ ሐይቅ ዳናኪሊያ የሚባል ሲክሊድ በጨዋማ ውኃ ይኖራል ብላችሁ እንዳትከራከሩኝ፤ እሱ የለመደውን የማላዊው ዓሣ አልለመደም።

ወለሉን ያለ አሸዋ ባዶ መተው የታመመ ዓሣ ተለይቶ ለሚቆይበት መስታወት ይሆናል፤ ጤነኛው ግን ምን ይጎርጉር?

አሸዋው ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይኑረው፤ ከዚያ ከበለጠ ከሥር አየር አጥቶ ይጠቁርና የገማ እንቁላል ይሸታል። ትልልቁን ድንጋይ መጀመሪያ መስታወቱ ላይ አስቀምጡ፣ አሸዋውን ኋላ አፍስሱ፤ አለበለዚያ ዓሣው ሥሩን ቦርቡሮ ድንጋዩን ይጥለዋል፣ መስታወቱም ይሰነጠቃል። ቆሮሶን ራሱን በቤት ላሳድግ የሚል ካለ ደግሞ እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ሊያድግ እንደሚችል ይወቅና አሸዋ መምረጡን ትቶ ኩሬ ይቆፍር።