የማይበላሽ ፕሮግራም

ናይሮቢ ተቀምጠው ራስት የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለብቻቸው በሚያጠኑ የአገራችን ልጆች ላይ ሐሜቱ በዝቷል። «ሁለት ዓመት ተማረ፤ ታዲያ ምን ሠራ?» ይባላል። ምቀኝነት ነው። ልጁ መቼ ፕሮግራም እሠራለሁ አለ? ራስት እማራለሁ ነው ያለው፤ እንዳለውም እየተማረ ነው። ቃሉን የሚጠብቅ ሰው በጠፋበት ዘመን እሱን ሥራህን አሳየን እያሉ ማስጨነቅ ነውር ነው። ሌላ የሚቆምለት ከሌለ እኔ ጠበቃ ሆኜ እቆምለታለሁ።

ደንበኛዬ ኪሊማኒ ውስጥ አፓርታማ ተከራይቶ ይኖራል። ቀን ቀን በፒኤችፒ የሱቅና የድርጅት ድረ ገጽ ይሠራል፤ ዳራጃ በተባለው የሳፋሪኮም መገናኛ በኩል የሰውን ሱቅ ኤምፔሳ ከተባለው የስልክ ገንዘብ ጋር ያገናኛል። የቤት ኪራዩም፣ ሽሮውም፣ አዲስ አበባ ለቤተሰብ የሚልካትም ገንዘብ ከዚያው ነው የምትወጣው። ይህን ሥራውን ሲያነሡበት ግን ፊቱን ያጨፈግጋል። ኪራይ የሚከፍል ቋንቋ ምን ክብር አለው? ማታ ማታ የሲስተም ሰው ነው። ሐሳቡ ሁሉ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ዳታቤዝና የብራውዘር ሞተር ላይ ነው፤ ማለትም ማንም ባላዘዘው ሥራ ላይ።

ቋንቋውን እንኳ ማንም አያማውም። እ.ኤ.አ. በ2006 የሞዚላ ባልደረባ የነበረው ግሬደን ሆር ቫንኩቨር ወዳለው ቤቱ ሲገባ አሳንሰሩ በሶፍትዌር ብልሽት ቆሞ ጠበቀው። ቤቱ 21ኛ ፎቅ ላይ ነበር። ደረጃውን እየወጣ ተናደደ፤ ተናዶም አልቀረ፣ እንዲህ ያለ ብልሽት የሚያመጣውን የሜሞሪ ስህተት ገና ሲጻፍ የሚከለክል ቋንቋ መሥራት ጀመረ። ሞዚላ በ2009 ደገፈው፤ 1.0 የተባለው እትም በ2015 ወጣ። ዴኒስ ሪቺ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቤል ላብስ ውስጥ የሠራው ሲ የተባለ ቋንቋ ፕሮግራመሩ በሜሞሪ ላይ እንዳሻው እንዲያዝ ይፈቅዳል፤ መዘዙ ቀላል አይደለም። ማይክሮሶፍት በየዓመቱ ከሚደፍናቸው የደኅንነት ቀዳዳዎች 70 በመቶ ያህሉ ከሜሞሪ ስህተት የሚመጡ መሆናቸውን በ2019 ተናግሯል። ዋይት ሀውስም በፌብሩዋሪ 2024 ከእነ ሲ ወደ አስተማማኝ ቋንቋዎች ተሻገሩ የሚል ሪፖርት አውጥቷል። በዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

እንግዲህ ሆር ደረጃ ቢወጣ ቋንቋ ይዞ ወረደ። ደንበኛዬም ደረጃ መውጣት የለመደ ነው፤ ብቻ የሱ ሰፈር አሳንሰር የሚቆመው መብራት ሲሄድ ነው። ኦገስት 25 ቀን 2023 ማታ ኬንያ ከዳር እስከ ዳር ጨለማ ሲውጣት የጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ ሳይቀር ጀነሬተሩ እምቢ ብሎት ጨልሞ ነበር። ራስት ለዚህ ምን መፍትሔ እንዳለው ልጁ ገና አልደረሰበትም። ወደፊት ባለው ምዕራፍ ይኖር ይሆናል።

ትምህርቱ የሚጀምረው በትጥቅ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኒዮቪም የተባለውን የኮድ መጻፊያ በማስዋብ ያልፋሉ፤ ቀለሙ ይመረጣል፣ ፊደሉ ይቀየራል፣ የተመረጠው ቀለም ደግሞ ይጠላል። ቀጥሎ ይፋዊ ያልሆነ የቋንቋው ምልክት የሆነው ፌሪስ የሚሉት ሸርጣን ላፕቶፑ ጀርባ ላይ ይለጠፋል። እናቱ ሊጠይቁት ከአዲስ አበባ መጥተው «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት አውሬ ነው?» ቢሉት «የሙያዬ ምልክት ነው እማዬ» አላቸው። አማተቡና ዝም አሉ።

ከዚያ መጽሐፉ ይከፈታል። ስቲቭ ክላብኒክና ካሮል ኒኮልስ የጻፉት፣ በነጻ የሚነበብ፣ ሸጋ መጽሐፍ ነው። ምዕራፍ 1 ኮምፒውተሩን «ሰላም ዓለም» ያሰኛል፤ ምዕራፍ 2 ቁጥር የማስገመት ጨዋታ ያሠራል። በዚያችው ማታ ሊንክድኢን ላይ ከስሙ ሥር «ሲስተምስ ኢንጂነር» የሚል ማዕረግ ይጨመራል።

ጣጣው ምዕራፍ 4 ላይ ነው፤ ባለቤትነት። ልጁ ስሙን አንድ ቫሪያብል ውስጥ ያስገባል። ያንን ቫሪያብል ለሌላ ቫሪያብል ይሰጣል። ከዚያ የመጀመሪያውን አትምልኝ ይላል። ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለር ኢ0382 የሚል የስህተት ቁጥር በቀይ ያወጣና ከነመስመሩ ያሳየዋል፤ እዚህ ጋ ሰጥተኸዋል፣ አሁን ያንተ አይደለም። በውሰትስ? በውሰት ይቻላል። ለማንበብ ብቻ ከሆነ የፈለገው ያህል ይዋሰው፤ ለመለወጥ ከሆነ ግን አንድ ተዋሽ ብቻ፣ ያውም ሌላ አንባቢ በሌለበት። ባለቤቱ ካለፈ በኋላ ደግሞ ውሰት የሚባል ነገር የለም። እኔ ይህ ትምህርት ለሱ ውኃ የሚሆን መስሎኝ ነበር፤ ፉሊዛ በሚሉት የኤምፔሳ ብድር ከወር እስከ ወር የሚኖር ሰው ነውና። ኤምፔሳው ባዶ ሲሆን ፉሊዛ ያበድረዋል፣ ገንዘብ ሲገባለት ሳይጠይቀው ይቆርጥበታል። ብድርን እንዲህ በገዛ ኪሱ የተማረ ልጅ ምዕራፍ 4 ላይ ሲንገዳገድ ማየት ግራ ያጋባል። ደግነቱ መላ አላጣም። ኮምፓይለሩ በተቆጣ ቁጥር ክሎን የምትል ቃል ይጨምርበታል። ፍጥነትና ቁጠባ ፍለጋ በገባበት ቋንቋ አንዱን ስም አሥር ቦታ ገልብጦ በሰላም ያድራል።

ምዕራፍ 10 ላይ ላይፍታይም የሚሉት ከባድ ትምህርት ይመጣል። እዚህ ሲደርስ ሁልጊዜ የሚወስነው ውሳኔ አንድ ነው፤ መሠረቴ ስላልጠነከረ ከምዕራፍ 1 ልጀምር። በዚህ ትጋቱ «ሰላም ዓለም»ን እንደሱ አጥርቶ የሚያውቅ በመላው ምሥራቅ አፍሪካ አይገኝም። ሆር እንኳ በ2013 ቋንቋውን ለሌሎች ትቶ ዞር ብሏል። ደንበኛዬ ግን የጀመረውን ጥሎ የሚሄድ ሰው አይደለም።

ቅዳሜና እሁድ የሚያጠናው ጃቫ ሀውስ ነው፤ በቋንቋነቱ የሚንቀውን ጃቫ በቡናነቱ ይታገሠዋል። ላፕቶፑ እንግሊዝ አገር አገልግሎ ሉቱሊ ጎዳና የተሸጠለት ባለ 8 ጊጋ ራም ነው። ቢልድ ባለው ቁጥር ፋኑ ይጮኻል፤ ታርጌት የሚባለው ፎልደር የቀረችውን ቦታ ይውጣል። ቤት ከሆነ ደግሞ ኮምፓይል መሀል ላይ የመብራት ቶከን ያልቃል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ አብሮ ይጠፋል። ልጁ በስልኩ መብራት ቆጣሪው ሥር ቁሞ በኤምፔሳ የገዛትን 20 አሃዝ አንድ በአንድ ይመታል፤ አንዷን ይስታል፤ እንደገና ይመታል። ይሄ ሁሉ እንደ ጥናት ሰዓት ይቆጠራል፤ ሲስተም ማለት ይኸው አይደል?

ኢስሊ ሰፈር ጨርቅ የሚሸጡ አንድ የአገራችን ሰው የገባና የወጣ ዕቃ የሚቆጥርላቸው ትንሽ ፕሮግራም ለምነውት ነበር።

«ጋሼ፣ በፒኤችፒ ብሠራልዎ አያኮራም። ራስት ልጨርስና በደንቡ እሠራልዎታለሁ።»

«መቼ ትጨርሳለህ ልጄ?»

«ምዕራፍ 10 ላይ ነኝ።»

«ምዕራፉ ስንት ነው?»

«ሃያ ምናምን።»

ጋሼ ባለመስመር ደብተር ገዙ። ደብተሩ እስካሁን ክራሽ አላደረገም።

ከተማዋ ግን የጥድፊያ ከተማ ናት፤ በዚህ በኩል መጥፎ አርአያ ሞልቶባታል። በማርች 2007 ሳፋሪኮም ኤምፔሳን ሲጀምር ራስት ገና የአንድ ሰው የትርፍ ጊዜ ሥራ ነበር። ሰዎቹ እስኪያልቅ መጠበቅ ሲችሉ በሲም ካርድ ሜኑና በተራ ስልክ ገንዘብ ማዘዋወር ጀመሩ። ኡሻሂዲ የተባለው ድረ ገጽ ደግሞ ይብሳል። ኬንያ ከምርጫዋ በኋላ በሁከት ስትናጥ፣ በጃንዋሪ 2008፣ ኦሪ ኦኮሎ የተባለች ኬንያዊት የት ምን እንደተፈጸመ ካርታ ላይ የሚያሳይ ነገር ይሠራ ብትል እነ ዴቪድ ኮቢያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሠርተው አወጡት። ቆይቶም የኖረው በፒኤችፒ ነው፣ ደንበኛዬ ፊቱን በሚያጨፈግግበት በዚያው ፒኤችፒ። ከሁለት ዓመት በኋላ የሄይቲ መሬት ሲንቀጠቀጥ ፍርስራሽ ሥር ያሉ ሰዎችን መልእክት ካርታ ላይ ያሰፍር ነበር አሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እነዚህ ሳያፈስሱ መቅረታቸው ዕድል እንጂ ብልሃት አይደለም። ስለ ባለቤትነት አንድ ምዕራፍ አንብበው ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልደፈሩ ነበር።

ስለዚህ ዋናውን መከላከያ ላቅርብ። ደንበኛዬ ያልጻፈው ፕሮግራም ሜሞሪ አያፈስም። ሀከር አይሰብረውም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ደውሎ ባለቤቱን አይቀሰቅስም። ደንበኛ አያማርርበትም፤ ደንበኛ የለውማ። ዋይት ሀውስ የተመኘው ደኅንነት ይህ ካልሆነ ምንድን ነው? የጎግልና የማይክሮሶፍት ሰዎች በብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚያሳድዱትን ነገር የእኛ ልጅ በአንድ ስኒ ቡና ደርሶበታል።

ሰሞኑን ግን ትንሽ ከፍቶታል። ራስት ሰው በዛበት። ከዲሴምበር 2022 ወዲህ ከ6.1 እትም ጀምሮ ሊኑክስ ከርነል ውስጥ ሳይቀር ገብቷል፤ ሁሉ ሰው የሚሠራበትን ቋንቋ መማር ደግሞ ሥራ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ አንድሩ ኬሊ ወደሠራው፣ ዚግ ወደተባለው ቋንቋ ለመዞር ወስኗል፤ ኒዮቪሙንም አስተካክሎ ጨርሷል። ዚግ በ2016 ይፋ ቢሆንም 1.0 የሚባል እትም እስካሁን አላወጣም። የሊቅ ምርጫ ነው። ቋንቋው ራሱ ሳያልቅ፣ አንተ ለምን አልጨረስክም ብሎ የሚከሰው ሰው ከየት ይመጣል?