ሲሚንቶ የወደደ ግድግዳ

አራዳ ውስጥ አሮጌ ቤት በራሱ እጅ ሊያድስ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ሲሚንቶ ነው። ግድግዳው ድንጋይ በጭቃ የተገነባ መሆኑን የሚረዳው ድሪሉ ያለ ድካም ሲሰምጥለት ነው። ፊሸሩ ገባ፣ ብሎኑ ገባ፣ መደርደሪያው ተሰቀለ፤ ማታ እራት ላይ ከነብርጭቆው ወረደ። አባወራው ግን አዋቂ ነውና ፊሸሩ ቀጥኖ መሆኑን ወዲያው ደረሰበት።

የድሮ ግንበኛ ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክቶ መርጎ፣ ላዩን ኖራ ይቀባው ነበር። ክረምት ከመሬት የተሳበው እርጥበት በዚያው በኩል በበጋ ይተናል። የኛ ሰው ይሄን ኋላ ቀርነት በሲሚንቶ ለስኖ፣ በፕላስቲክ ቀለም አሽጎ ገላገለው። እርጥበቱም መውጫ አጥቶ ሐምሌ ላይ ልስኑን አሳበጠው፤ ጳጉሜን ላይ ልስኑ የጭቃውን ገበር ይዞ ዘጭ አለ። መፍትሔው? ሲሚንቶውን ማብዛት።

ትርፍ ቤት በወረሰው የ1967ቱ አዋጅ የቀበሌ የሆነው ቤትማ ወጉ ሌላ ነው። ተከራዩ «የኔ አይደለም» ይላል፣ ቀበሌው «አንተ ትኖርበት የለ?» ይላል፣ ጣሪያው መሐል ሆኖ ያፈስሳል። በ2016 ዶሮ ማነቂያ የምትባለው ሰፈር ስትፈርስ ይህ ክርክር ቢያንስ እዚያ ተዘጋ።

የኛ ሰው ቤት ግን ተርፋለች። አሁን ግድግዳውን በሴራሚክ ሊያለብሰው ነው፤ ሻጩ ውሃ እንደማያሳልፍ ምሎለታል።