እንባ አልባ ሽንኩርት

በክረምት ወይም በገና ሰሞን ከዋሽንግተን፣ ከዳላስና ከለንደን ተጠራርተው አዲስ አበባ ላይ የሚገናኙ ጓደኛሞች አንድ ልዩ ቀን አላቸው። «የእኛ ቀን» ይሉታል። ለቅሶ የተደረሰበት፣ አክስት የተጠየቀችበት፣ የዲያስፖራ ቢጫ ካርድ የታደሰበት ቀን የዘመድ ነው፤ አይቆጠርም። የእነሱ ቀን ጧት ዶሮ ወጥ መማር፣ ከሰዓት ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ መገብየት፣ ማምሻውን እንጦጦ ላይ መታሸት ነው። እኔ ይህን ቀን አጥብቄ ከሚደግፉት አንዱ ነኝ። የአያትን ሙያ ተምሮ፣ የአያትን ልብስ ለብሶ፣ የአያትን የወገብ ሕመም አስታሞ በአንድ ቀን ወደ ሆቴል መመለስ ቀላል ስኬት አይደለም። አያት ራሳቸው ይህን ለመጨረስ ዕድሜ ልካቸውን ፈጅቶባቸዋል፤ መታሸቱም ሳይደርሳቸው ቀርቷል።

ትምህርቱ በአንድ ጧት ያልቃል። ዶሮ ወጥ ሠርታ የምታውቅ ሴት ይህን ስትሰማ «እንዴት ተደርጎ?» ትል ይሆናል። ቀይ ሽንኩርቱ ደቅቆ መከተፍ አለበት፤ ያለ ዘይት፣ በቀስታ እሳት፣ ውሃ ጠብ እየተደረገ መቁላላት አለበት፤ ከዚያ በርበሬው፣ ከዚያ ቅቤው ይከተላል። ዶሮው በ12 ብልት ተገነጣጥሎ፣ በሎሚና በጨው ታጥቦ ታጥቦ መጥራት አለበት። ይህማ ጧቱን ብቻ ሳይሆን ቀኑንም ይበላል። ኮርሱ ግን መላ አለው። ተማሪዎቹ ሲገቡ ሽንኩርቱ ተከትፏል፤ ቁሌቱ ወዙ ወጥቷል፤ ዶሮው ታጥቦ ተደርድሯል። የቀራቸው ሽርጥ መልበስ፣ ማማሰያውን በየተራ መቀባበልና ስልክ ወደያዘችው ጓደኛ ዞር ብሎ ፈገግ ማለት ነው። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ሽንኩርቱን ሌላ ሰው ከከተፈው ግን እንባው ከየት ይምጣ? ኩሉም ሳይበላሽ ይውላል።

እንጀራው ደግሞ ከዚህ ይረቃል። ሊጡ እርሾ ገብቶበት ሁለት ሦስት ቀን መቆየት፣ አብሲት ተጥሎለት ኩፍ ማለት አለበት። ሐሙስ የሚጋገረውን ሊጥ ሰኞ ያቦካች ሴት አለች፤ ተማሪዎቹ ያን ጊዜ ገና አውሮፕላን ላይ ፊልም ይመርጡ ነበር። ሐሙስ ጧት እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጊዜ ምጣድ ላይ ያዞራሉ፤ የማዳጋስካር ካርታ የመሰለ ነገር ይወጣል፤ ይጨበጨባል። ለምሳ የሚቀርበውን፣ ዓይኑ የተዘረዘረውን እንጀራ የኮርሱ ረዳት ጥግ ላይ ሆና ዝም ብላ ትጋግራለች። ሲያበቃ ስም የተጻፈበት ሰርተፍኬት ይታደላል። ረዳቷ ሰርተፍኬት አይደርሳትም፤ ዕቃ እያጠበች ስለሆነ እጇ እርጥብ ነው።

ታሪካችንም ይህን አይከለክልም የሚል ይኖራል። የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በ1880 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ኋላ እቴጌ የሆኑት ጣይቱ ብጡል ያሰናዱት ለቀናት የቆየ ግብር እስከ ዛሬ ይወራል፤ በርበሬ የወቀጡት፣ ሽንኩርት የላጡት ሴቶች ስም ግን አይወራም። እውነት ነው። ነገር ግን ጣይቱ አዘዙ፣ ሌሎች ሠሩ፤ ማን እንዳዘዘና ማን እንደሠራ የተምታታበት አልነበረም። ጣይቱ ሽርጥ ለብሰው «ዛሬ ከሥሩ ተማርኩት» አላሉም።

ከምሳ በኋላ መኪናው ከስድስት ኪሎ ሽቅብ ይወጣል። መንገዱ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ያልፋል። በሩ አካባቢ የወረቀት አቃፊ ደረታቸው ላይ አቅፈው ቪዛ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ከእነሱ አንዳንዱ ቢሳካለት ባሕር ማዶ ሬስቶራንት ጓዳ ገብቶ ሽንኩርት ሲልጥ ይከርማል። በመኪናው ውስጥ ያሉት ደግሞ ሽንኩርት ሲላጥ ለማየት ከባሕር ማዶ መጥተዋል። ሁለቱ ወገኖች ቢተዋወቁ የስንቱ የአውሮፕላን ቲኬት በተረፈ ነበር!

ሽሮ ሜዳ ላይ የአገር ፍቅር ይግላል። «የአገራችንን ሸማኔ መደገፍ አለብን» ይባባላሉ። ከዚያ ከድጋፉ ላይ አምስት መቶ ብር ያስቀንሳሉ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ዶላር በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ብር መመንዘር ጀምሯል፤ ስለዚህ የተቀነሰችው ገንዘብ በእነሱ ኪስ አንዲት ማኪያቶ ናት፣ በነጋዴው ቤት የልጅ ደብተር። ቀሚሱን የሠራው ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ፣ መወርወሪያ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያመላልስ፣ የጥለቱን ድር በጣቱ እየቆጠረ ሲያነሳ ሰንብቷል። እሱ ሱቅ ውስጥ ስለሌለ በድርድሩ አይሳተፍም። ለነገሩ ብዙም አይጨቀጨቁም፤ ከጎን ያለው ሱቅ ከባሕር ማዶ ፋብሪካ ጥለቱ ታትሞ የመጣ ርካሽ ቀሚስ ሰቅሏል፤ በፎቶ ላይ ልዩነቱ አይታወቅም።

ቀጥሎ እንጦጦ ነው። ተራራው የለበሰውን ባሕር ዛፍ የምኒልክ ዘመን ሰዎች ያስገቡት ማገዶ ጠፍቶ ከተማዋ ልትነሣ በደረሰችበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ሴቶች ቅጠሉንና ጭራሮውን እያሰሩ፣ ከሰውነታቸው የሚገዝፍ ሸክም በጎበጠ ጀርባ ይዘው ቁልቁል ይወርዳሉ፤ የከተማው ምጣድ ሲነድ የኖረው በእነሱ ጀርባ ነው። በ2013 ዓ.ም. ፓርኩ ተከፍቶ ተራራው መዝናኛ ከሆነ በኋላም ሸክሙ ፈጽሞ አልቀረም። ሽቅብ የሚወጣው መኪና ቁልቁል ለምትወርደዋ ሴት ጥሩምባ ይነፋል፤ እሷም ሸክሟን ይዛ ጥግ ትይዛለች። ላይ ሲደርሱ ስፓው የባሕር ዛፍ እንፋሎት አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ከጧት ጀምራ ቆማ የምታሸው ሴት «የት ጋ ነው የሚያምዎት?» ብላ ትጠይቃለች። መልሱ «ጀርባዬን ነው፤ ጧት ወጥ ሳማስል» የሚል ነው።

«ከፍለውበታል እኮ፤ የሥራ ዕድልም ፈጥረዋል» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፣ ይክፈሉ፤ ደጋግመው ይምጡ። ሜሪላንድ ላይ ቀን አንድ ሥራ፣ ሌሊት ሌላ ሥራ ስትሠራ የከረመች ሴት ለመታሸት የማንም ፈቃድ አያስፈልጋትም። ማረፍ ነውር ሆኖ አያውቅም። የሚገርመኝ ዕረፍቱ ብቻውን አለመብቃቱ ነው። ድካሙን ለሌላ ትተው የደከመን ሰው ማዕረግ መግዛት አለባቸው። ተኝተው የዋሉበትን ቀን «ተኝተን ዋልን» ብሎ መለጠፍ ስለሚከብድ፣ ሰው ያቦካውን፣ ሰው የሸመነውን፣ ሰው የተሸከመውን «ወደ ሥራችን ተመለስን» ብለው ይለጥፉታል።

ስለዚህ ለመጪው ገና አዲስ ፓኬጅ አሰናድቻለሁ። ሰኞ ሊጥ ይቦካል። ሐሙስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት አምስት ኪሎ ሽንኩርት ይከተፋል፤ ዓይን ስለሚያነባ ፎቶ ማንሳት አይቻልም። ከሰዓት የሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ ተገብቶ አንድ ስንዝር ጥለት ይሠራል፤ ስንዝሩን ያልጨረሰ ዋጋ ማስቀነስ አይፈቀድለትም። ማምሻውን ከእንጦጦ አንድ እስር ጭራሮ በጀርባ ይወርዳል፤ መኪና ሲመጣ ጥግ ይያዛል። ይህን ለፈጸመ ሁሉ ማሳጁ በነጻ ነው። ሰርተፍኬት የለም።

እስካሁን የተመዘገበ አልተገኘም። የደወለችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ የማብሰያ ኮርሱ ረዳት። ሌላውን ሁሉ ጨርሳዋለች፤ ማሳጁን ብቻ ለይታ መውሰድ ይቻላት እንደሆነ ጠየቀች።